ሚኒሞ ላይ የሚበራው ቀይ የዘይት መብራት፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ግፊቱ ይለካ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ፤ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። 260 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ጠዋት ስትነሳ ምንም የለባትም። ግማሽ ሰዓት ከነዳኋት በኋላ ግን ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ቀይዋ የዘይት ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ነዳጅ ትንሽ ስነካ ትጠፋለች። ዘይቱን አይቻለሁ፣ ሙሉ ነው። ከሁለት ወር በፊት ኮፓዋን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) ድንጋይ መትቶት ነበር፤ ጋራዥ አውርደው ቀጥቅጠው መልሰውልኛል። አንዱ መካኒክ ሴንሰር ነው ይላል፣ አንዱ ሞተሩ ይውረድ ይላል፣ ሌላው ወፍራም ዘይት አድርግባትና ንዳ አለኝ። የምተዳደረው በዚህችው መኪና ነው። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሦስቱም መካኒኮች ሊሆን የሚችል ነገር ነግረውሃል። ሴንሰር ሊሆን ይችላል፣ የሞተሩ ውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ ዘይቱ ቀጥኖም ሊሆን ይችላል። ግን አንዳቸውም ግፊቱን አልለኩትም። የግፊት መለኪያ ጌጅ ሳይገጠም የሚነገር ሁሉ ግምት ነው። በግምት ደህና ሞተር ሲወርድ አይቻለሁ፤ በግምት «ሴንሰር ነው» ተብሎ የተነዳ ሞተር መንገድ ላይ ሲቀርም አይቻለሁ። ስለዚህ የምመልስልህ ከሦስቱ አንዱን በመምረጥ ሳይሆን እንዴት እንደምትለየው በማሳየት ነው።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ግፊቱ እስኪለካ ድረስ ሥራ አትውጣባት። እንጀራህ እንደሆነች ይገባኛል፤ የምለውም ለዚሁ ነው። ቀይዋ መብራት ዘይት ጎደለ የምትል መብራት አይደለችም፤ ግፊት የለም የምትል ናት። እንደ ነገርከኝ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ብቻ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር ሲሠራ) ብልጭ የምትል ከሆነ በዝግታ ቅርብ ጋራዥ ድረስ ማድረስ ትችላለህ። ነዳጅ ሰጥተሃት ካልጠፋች ወይም ከሞተሩ ሥር ከዙሩ ጋር የሚፈጥን ደረቅ «ቶክ ቶክ ቶክ» ከሰማህ ግን ዳር ይዘህ እዚያው አጥፋና አስጎትታት። ግፊት ያጣ ሞተር ውስጡን ለመብላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

አሁን ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ፤ ይህን ከያዝክ ሌላው ሁሉ ይቀልሃል። የዘይት ፓምፑ ብቻውን ግፊት አይፈጥርም፤ ሥራው ዘይት መግፋት ብቻ ነው። ግፊት የሚፈጠረው የዘይቱ መውጫ ስለሚጠብ ነው። አትክልት የምታጠጣበትን የውሃ ጎማ አስብ፤ ጫፉን በአውራ ጣትህ ስታጠበው ውሃው ርቆ ይወረወራል፣ ጣትህን ስታነሳው እግርህ ሥር ይፈሳል። ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ግን ያው ነው። በሞተር ውስጥ የአውራ ጣቱን ሥራ የሚሠራው ፒስቶኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ በክራንክ ሻፍቱና ብሮንዚና በምንለው ቀጭን የብረት መቀመጫ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ልኩ እንደ ሞተሩ ቢለያይም በአዲስ ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከራስህ አንድ ፀጉር የቀጠነ ማለት ነው። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን በውስጡ የሚያመልጠው ዘይት እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሞተር ለዓመታት ደህና ሠርቶ በመጨረሻ በአንድ ክረምት ውስጥ መብራት ማሳየት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። 40 ቁጥር የሚባለው ዘይት በ40 ዲግሪ ላይ ያለው ውፍረት በ100 ዲግሪ ላይ ካለው ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ብርድ ሆኖ ስታስነሳት ዘይቱ እንደ ማር ስለሆነ የሰፋ ክፍተት እንኳ ይዞ ያቆየዋል፤ ለዚህ ነው ጠዋት ምንም የለባትም ያልከኝ። ሦስተኛው ነገር የሞተሩ ዙር ነው። ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ክራንኩ ስለሆነ በደቂቃ በ700 ዙር የሚገፋው ዘይት በ3000 ዙር ከሚገፋው ሩብ እንኳ አይሞላም። ሙቅ ዘይትና ሚኒሞ ሲገናኙ ሞተሩ ከሁሉም የደከመበት ሰዓት ነው። መብራትህ የበራችው በዚያው ሰዓት መሆኑ ግፊቱ በዳር በዳር እየሄደ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

መብራቷ ደግሞ ከዚህ በላይ መናገር አትችልም። ሴንሰሩ ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲወርድ መብራቱን ያበራል፣ ከዚያ ሲያልፍ ያጠፋል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ነዳጅ ስትነካ ጠፋች ማለት ግፊቱ 0.6 ባር ሆነ ወይም 3 ባር ሆነ፣ መብራቷ ለሁለቱም አንድ ናት። ሰው መብራቱ ከጠፋ ደህና ነው ብሎ የሚያስበው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ገንዘብ የማያስወጡህን ቀድመህ ተመልከት።

ዘይቱ ሙሉ ነው ብለሃል፤ ግን እንዴት እንዳየኸው ልጠይቅህ። ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ነው? መለኪያውን አውጥተህ ጠርገህ እንደገና ከትተህ ነው? ከላይኛው ምልክት በላይ ሞልቶ ከሆነም ጥሩ አይደለም፤ ክራንኩ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ ፓምፑም አየር ይስባል። መለኪያውን በነጭ ሶፍት ጥረገውና አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ከዚያም ብሶ ሳትጨምርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ አቅጥኖታል፤ የሚያፈስ ኢንጀክተር ወይም የማይተኩስ ካንዴላ ፈልግ። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ እሱ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጉዳይ ነውና ሌላ ሁሉ ይቆይ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ እኛ ጋር ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ይህ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል። ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ሲሠራ ነዳጅ ያበዛል፣ የሚበዛው ነዳጅ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱም ከጊዜው በፊት ያልቃል። ያንተ ወጥቶ እንደሆነ አስመልሰው።

ቀጥሎ ሚኒሞውን እይ። ይህ መኪና ሲሞቅ ከ650 እስከ 750 ዙር አካባቢ ላይ መቆም አለበት። የአየር መግቢያው ላይ ያለው ስሮትል ጥቀርሻ ይዞ ሚኒሞው 500 አካባቢ ወርዶ ከሆነ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን መብራት ሊያበራ ይችላል። በተለይ ያንተ አውቶማቲክ ስለሆነ ዲ ላይ ፍሬን ይዘህ፣ ኤሲ ከፍተህ ስትቆም ዙሩ ስንት እንደሚሆን ተመልከት። ስሮትል ማጠብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በዚህ ብቻ የዳኑ መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

ከዚያ ሴንሰሩን። ብሎኩ ላይ የተጠመደ፣ አንድ ገመድ ብቻ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት፤ ቀይዋ መብራት መብራት አለባት። ገመዱን ከሴንሰሩ ንቀለው፤ መጥፋት አለባት። ተነቅሎም ካልጠፋች ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ እየነካ ነው። የሶኬቱን ውስጥም እይ፤ ዘይት ካራሰው ሴንሰሩ ውስጡ ተቀዷልና ይቀየራል። ዋጋው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ሶማሌ ተራ የማይገኝበት ቀን የለም። ነገር ግን አዲስ ሴንሰር ገጥመህ መብራቷ ብትቀጥል ወይም ብትጠፋ፣ በሁለቱም መንገድ ግፊቱን ገና አላወቅክም።

ገመዱን ነቅሎ መንዳት የሚባለውን ግን ከቶ አታስበው። ከዓመታት በፊት አንድ ዶልፊን ሚኒባስ ተጎትቶ መጣልኝ። ሾፌሩ የአዲስ አበባ–ደብረ ብርሃን መስመር የሚሠራ፣ ቤተሰቡን በዚያ መኪና የሚያስተዳድር ሰው ነበር። መብራት ሲበራበት አንድ ሰው «ሴንሰሩ ነው» ብሎ ገመዱን ነቅሎ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ ሰጠው። ሁለት ሳምንት ነዳው። ኮፓውን ሳወርደው ከዘይቱ ጋር የብረት ቁራጭ ወረደ፤ ሦስተኛው ቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ተበጥሶ ብሎኩን በስቶ ወጥቶ ነበር። ከአጠገቡ ያለውን ቢየላ ፈትቼ ብሮንዚናውን በመዳፌ ያዝኩት። ፊቱ ላይ ያለው ግራጫ ሽፋን ሙሉ በሙሉ አልቆ ከሥር መዳቡ ቀይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ጫፉ እንደ ምላጭ ስሎ ጣቴን ቆረጠኝ። ፓምፑ ዘይት የሚስብበት የመምጠጫው ወንፊት ላይ ደግሞ ጥቁር፣ እንደ ረጋ ጄሊ ያለ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል። ወንፊቱን ያን ጊዜ ማጠብ፣ ብሮንዚናውን መቀየር ይበቃው ነበር። ብሎኩ ግን ተጣለ። ያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የነበረውን ፊቱን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልህም ስለዚያ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጌጁ ነው። ሴንሰሩ ተፈትቶ በቦታው ላይ የዘይት ግፊት መለኪያ ጌጅ ይገጠማል። ራሱን የቻለ ጋራዥ ሁሉ ሊኖረው የሚገባ ዕቃ ነው፤ ከሌለው የሚያውሰው አያጣም። እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ስለማይ ጥርሱን ልንገርህ። የቶዮታ ሴንሰር ጥርስ በአንድ ኢንች 28 ነው፤ በአሜሪካ ልክ የተሠራ ማገናኛ ግን 27 ነው። በዓይን አይለዩም። የተሳሳተው ሁለት ዙር ያህል ይገባና ይጠብቃል፤ መካኒኩ በቁልፍ ሲያስገድደው የብሎኩን ጥርስ ይዞት ይወጣል። ያንተ ብሎክ አሉሚኒየም ስለሆነ አይምርም። በጣት ሦስት አራት ዙር በነፃ ያልገባ ማገናኛ ይመለስ። ሴንሰሩ ሲመለስም ነጩን ቴፕ አታብዛበት፤ ባለ አንድ ገመድ ሴንሰር ቦዲ የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በኩል ነው፣ ቴፑ ከጋረደው መብራቷ በሚያስፈልግበት ቀን አትበራም።

መለካት ያለበት ሞተሩ እንደ ተነሳና በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው፣ ሁለቱም ጊዜ። የውሃው ሙቀት መለኪያ መሃል ደረሰ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ዘይት ከውሃ ዘግይቶ ይሞቃል። አንተም የምታያት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ነድተህ ይለካ። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች በሙቀት ሚኒሞ ላይ እንዲኖራቸው የሚፈቀደው ዝቅተኛው ግፊት 29 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 0.3 ባር አካባቢ ነው። በ3000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር አካባቢ ይጠበቃል፤ የሞተርህን ትክክለኛ ቁጥር ከጥገና መጽሐፉ አስተያይ። ጌጁ በፒኤስአይ ከሆነ 1 ባር 14.5 መሆኑን ያዝ። 0.3 ባር መጽሐፉ ይፍቀደው እንጂ እኔ አልተኛበትም፤ ሙቅ ሚኒሞ ላይ 0.8 እና 1 ባር የሚያሳይ ሞተር ነው የሚያስደስተኝ።

ከዚያ ቁጥሮቹ ራሳቸው ያወራሉ። ሙቅ ሚኒሞ ላይ 1 ባር፣ በ3000 ላይ ከ3 በላይ አሳይቶ መብራቷ ግን ብልጭ ካለች የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ነበር፤ ሴንሰር ቀይረህ ወደ ሥራህ ሂድ። ቀዝቃዛ እያለ 4 እና 5 ባር ደርሶ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ወደ 0.2 የሚወርድ፣ በ3000 ላይ ደግሞ ወደ 2 የሚንገዳገድ ከሆነ ዘይቱ በየክፍተቱ እያመለጠ ነው፦ ወይ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ወይ ክፍተቱ ሰፍቷል። ቀዝቃዛም ሙቅም ዝቅተኛ ሆኖ ዙር ሲጨመርበት ብዙ የማይነሳ ከሆነ ፓምፑን ወይም የግፊት መልቀቂያ ቫልቩን ጠርጥር። ቫልቩ ግፊት ሲበዛ ዘይቱን ወደ ኋላ የሚመልስ ትንሽ ፒስቶንና ሞላ ነው፤ ቅንጣት ቆሻሻ ነክሶ ክፍት ከቀረ ፓምፑ የቱንም ያህል ቢገፋ ዘይቱ በዚያ ይመለሳል። በ3000 ላይ ስትይዘው መጀመሪያ ተነስቶ ከዚያ እየወረደ ወይም እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ መርፌ ደግሞ የመምጠጫው ነው፤ ፓምፑ የጠየቀውን ያህል ዘይት አያገኝም።

አሁን ወደ ኮፓህ። ከጻፍከው ሁሉ ጆሮዬን ያቆመው ይህ ነው፤ ሦስቱም መካኒኮች ስለ ኮፓው መጠየቃቸውን አልነገርከኝም። የመምጠጫው ወንፊት ከኮፓው ወለል በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ድንጋይ ኮፓውን ወደ ላይ ሲገፋው ወለሉ ወንፊቱን ሊነካ፣ ከዚያም አልፎ ቱቦውን ሊያጣምምና ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን ሊያላላ ይችላል፤ በዚያ በኩል አየር ይገባል። ሁለተኛው አደጋ ሲሊኮን ነው። ኮፓው ሲመለስ የተቀባው ሲሊኮን ከበዛ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ክር ሆኖ ይደርቅና ተቆርጦ ይወድቃል፤ ማረፊያው ወንፊቱ ነው። ከወንፊት ላይ እንደ ፓስታ የረዘመ የሲሊኮን ክር በጣቴ የለቀምኩበት ቀን ብዙ ነው። ኮፓ ሲዘጋ አንድ ወጥ የሆነ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር መስመር ይበቃዋል፤ ቱቦው እስኪያልቅ መጭመቅ ዘይት አያቆምም።

እውነቱን ለመናገር ያንተ ምልክት፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ በርታ ነዳጅ ሲነካ የምትጠፋው፣ ብቻውን የወንፊት ምልክት አይመስልም። የታፈነ ወንፊት በብዛት የሚያስቸግረው ዙር ሲበዛ ነው። ነገር ግን 260 ሺህ በሄደ ሞተር ላይ ሁለቱ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ትንሽ የሰፋ ክፍተት ያለው ሞተር ሲችል ቆይቶ ወንፊቱ በከፊል ሲታፈንበት ይሸነፋል። መብራቷ ከኮፓው ጥገና በፊት በርታ ታውቃለች? ካላወቀች ለእኔ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። የጌጁ ቁጥር ዝቅ ብሎ ከወጣ ኮፓው ይውረድ የምልህ በዚህ ነው። ኮፓ ማውረድና ሞተር ማውረድ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ኮፓውን ከማውረድህ በፊት ግን አንድ ርካሽ ሙከራ አለ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይረህ እንደገና ለካ። አሮጌው ዘይት ከየት እንደተገዛ አላውቅም፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው የማይገናኝበት ጊዜ ግን አለ። ከምታምነው ማደያ፣ መመሪያ መጽሐፉ የሚፈቅደውን ቁጥር ግዛ። በአዲሱ ዘይት ሙቅ ሚኒሞው ከ0.3 ወደ 0.8 ከተነሳ ጥፋቱ የዘይቱ ነበር።

አሮጌውን ፊልትሮ እንዳትጥለው። ዘይቱ እስኪንጠባጠብ ገልብጠህ አቆየውና ቆርቆሮውን በሰጌቶ ቁረጠው፤ የሰጌቶው ብናኝ ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ ጠንቀቅ በል። ከዚያ የታጠፈውን ወረቀት አውጥተህ ዘርጋውና ፀሐይ ላይ እያዘነበልክ እየው። ጥቁር ቅባት ብቻ ከሆነ ደስ ይበልህ። እንደ ብር ዱቄት የሚያብለጨልጭ ነገር ካየህ ማግኔት አስጠጋበት። ማግኔቱ ካነሳው ብረት ነው፤ ከካቴናው፣ ከፓምፑ ወይም ከሌላ የብረት ክፍል የመጣ ሊሆን ይችላል። ማግኔቱ የማያነሳው፣ ለስላሳ፣ በጥፍርህ የሚጨፈለቅ ቅጠል መሰል ነገር ከሆነ ግን ብሮንዚና ሊሆን ይችላልና ሞተሩን ከዚያ በኋላ አታስነሳው።

ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ንጹሕ ከተገኘ፣ ኮፓው ተከፍቶ ሳለ አንድ ሁለት የቢየላ ክዳን ፈትቶ ማየት ይቻላል፤ ሞተሩ ከመኪናው መውጣት የለበትም። ፕላስቲጌጅ የሚባል እንደ ክር የቀጠነ የሰም ዘንግ አለ። ዘይቱ ተጠርጎ ክሩ ክራንኩ ላይ ይጋደማል፣ ክዳኑ በመጽሐፉ ልክ ይጠብቃል፣ ክራንኩ ሳይዞር እንደገና ይፈታል። ክሩ የተጨፈለቀበት ስፋት ማሸጊያው ላይ ካለው መለኪያ ጋር ሲነጻጸር ክፍተቱን ይሰጥሃል። ክሩ ብዙ በተጨፈለቀ መጠን ክፍተቱ ጠባብ ነው፣ ጥሩ ነው። ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር የደረሰ የቢየላ ክፍተት ብሮንዚና ይቀየር ይላል። ክራንኩ ላይ ጥፍርህን አሂድ፤ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ከሌለ በልኩ የሆነ አዲስ ብሮንዚና ሊበቃው ይችላል። ጥፍርህን ከያዘው፣ ያን ጊዜ ሁለተኛው መካኒክ ልክ ነው፤ ሞተሩ ይወርዳል፣ ክራንኩም ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ውሳኔው ያኔ በቁጥር ላይ የቆመ ይሆናል። በዚያ ደረጃ ያገለገለ ሞተር ግዛ የሚልህ ይኖራል። የተለካ ሞተር ባልተለካ ሞተር አትለውጥ፤ የምትገዛውንም አስነስተህ በጌጅ ካላየኸው ገንዘብህን አትስጥ።

የቀረው የሦስተኛው መካኒክ ወፍራም ዘይት ነው። 20ደብሊው-50 ብታደርግባት መብራቷ ምናልባት ትጠፋለች፤ ይህን አልክድም። ወፍራም ዘይት በሰፋ ክፍተት ውስጥ በቀላሉ አያመልጥምና ጌጁ ላይ ያለው ቁጥር ይነሳል። የተለካ፣ ወንፊቱ የታየ፣ ክፍተቱ መጠነኛ የሆነ አሮጌ ሞተር ላይ ዕድሜ ለማራዘም ቢደረግ ተቃውሞ የለኝም፤ ወደ አዋሽና አፋር ቆላ ለሚወርድማ ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ፣ ምንም ሳይታይ ሲደረግ ግን ያው የተነቀለው ገመድ ነው። ወንፊቱ ታፍኖ ከሆነ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ወፍራም ዘይት በታፈነ ወንፊት ለማለፍ ይበልጥ ይቸገራል፣ በተለይ በቀዝቃዛ ጠዋት። ያንተ ሞተር የቫልቭ ጊዜውን በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ስለሆነም ዘይቱ ሲወፍር ምላሹ ይዘገያል። ግፊት ይጨምራል እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን ማወፈሪያም በዚያው ቁጠረው።

ከጌጁ የሚወጡትን ቁጥሮች ጻፍልኝ፦ እንደ ተነሳች ሚኒሞ ላይ፣ ከግማሽ ሰዓት መንዳት በኋላ ኤሲ ተዘግቶ ሚኒሞ ላይ፣ ዲ ላይ ፍሬን ተይዞ ኤሲ ተከፍቶ፣ ከዚያም በሙቀት 3000 ዙር ላይ ለአሥር ሰከንድ ተይዞ መርፌው ቆሞ እንደሆነ ወይም እየወረደ እንደሆነ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሞተሩን ዙር አስፍር። መብራቷ የጀመረችው ከኮፓው ሥራ በፊት ይሁን በኋላ፣ ፊልትሮው ውስጥም ምን እንዳገኘህ ጨምርበት። አሮጌውን ሴንሰር እስክንጨርስ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው።